«ፍሬኑ ግቢ ውስጥ ይይዛል» ለምትሉ ልጆቼ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ መጣች። ቴክኒክና ሙያ ጨርሳ አሁን የእሳት አደጋ መኪና የሚጠገንበት ጋራዥ ገብታለች፣ ጎበዝ ልጅ ናት። ማታ ማታ ድሬ (ድሬዳዋ) ያቺ ንፋሷ ስትመጣ እንደምታውቋት ነው፣ በረንዳ ላይ ሻይ ይዘን ቁጭ ብለን ስናወራ ድንገት ምን አለችኝ፣ «ጋሼ፣ መኪናው ግቢ ውስጥ ፍሬን ሲያዝ ቀጥ ካለ ለምንድነው በየጊዜው ስሩ ገብተን የፍሬን ዘንግ የምንለካው?» እኔ ደግሞ ለራሴም ባልገባኝ ንዴት «ለኩ ስለተባላችሁ!» ብዬ ጮህኩባት። ልጅቷ ደነገጠች፣ ብርጭቆዋን አስቀምጣ «እሺ ጋሼ» ብላ ሄደች።

ጥፋቱ የሷ አይደለም። ያቺን ጥያቄ እኔው ራሴ በሌላ አፍ ተናግሬያት አውቃለሁ፣ ከሃያ ዓመት በፊት፣ ጠረጴዛ ዙሪያ በተቀመጡ ሰዎች ፊት። ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ነው ይሄን ለመጻፍ የተነሳሁት፣ ለሷም፣ እንደሷ ጋራዥ ለገባችሁ ልጆችም።

ከ1998ቱ ጎርፍ በፊት ሁለት ሦስት ዓመት ይሆነዋል። ውሃ የሚጭኑ መኪኖች ያሉት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መካኒክ ነበርኩ፣ የቱ እንደሆነ ይቅር። አንድ ትልቅ የእሳት አደጋ መኪና ነበረን፣ 5,000 ሊትር ውሃ ይይዛል፣ ያው አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነውና አምስት ቶን ውሃ ሁልጊዜ ጀርባው ላይ አለ ማለት ነው። የጭነት መኪና ሲያራግፍ ያርፋል፣ እሳት አደጋ ግን አያርፍም፣ ቆሞም ሙሉ ነው ሄዶም ሙሉ ነው። ሾፌራችን ከኔ በዕድሜ ከፍ ይላል፣ የመጋላ ልጅ ነው፣ ዝምተኛ፣ መኪናውን እንደ ልጁ የሚያይ ሰው። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ያ ድሬን ሰው ሁሉ ቤቱ የሚያስገባት ሙቀት ሰዓት፣ መጣና «ወንድሜ፣ አንዴ ፍሬን ስረግጥ የአየር መለኪያዋ ቀስት ድሮ ከምትወርደው በላይ እየወረደች ነው» አለኝ። «ሞተር ሲነሳ ግን መልሶ ይሞላል አይደል?» አልኩት። «ይሞላል» አለኝ። «በቃ አብሽር፣ ኮምፕሬሰሩ ደህና ነው ማለት ነው።» እሱ ግን አልሄደም፣ ቆሞ ያየኛል። እሱን ደስ ለማሰኘት ብዬ ተነስቼ መኪናውን ከበሩ ጀምሮ እስከ ማንጎው ዛፍ ድረስ ነዳሁትና ፍሬን ረገጥኩ። ቀጥ አለ። ጎማው አሸዋው ላይ ፈግፍጎ ቀረ። «አየህ?» አልኩት። መዝገቡ ላይ «ፍሬን፦ ደህና» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ስር አልገባሁም። ስር ለመግባት ታኮ ማምጣት፣ ቱታ መልበስ፣ ረዳት መጥራት ያስፈልግ ነበር፣ እና ሙቀት ነበር።

እዚ ላይ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፣ ካልሆነ የማወራው አይገባችሁም። የትንሽ መኪና ፍሬን በዘይት ነው፣ ሲበላሽ ፔዳሉ ይሰምጣል፣ እግርህ ያውቀዋል። የአየር ፍሬን ፔዳል ግን አየር የሚለቅ ቫልቭ ብቻ ነው፣ ታች ያለው ነገር ቢላላም ቢጠብቅም እግርህ ስር ያው ነው። ስትረግጥ አየር ጎማው አጠገብ ወዳለው የአየር ጣሳ፣ ቻምበር ወደምንለው፣ ይገባል፣ ዘንጉን ይገፋል፣ ዘንጉ አጀስተሩን (ልኩን የሚያስተካክለውን ክንድ) ያዞራል፣ ከሱ ጋር ካሙ ይዞርና ሸራውን ከጎማው ጋር በሚዞረው ታምቡር ላይ ይጭናል። ሸራው በበላ ቁጥር ዘንጉ ይበልጥ መውጣት አለበት፣ ለዚያ ደግሞ ብዙ አየር ይበላል። ሾፌሩ በቀስቷ ያየው ይሄንን ነበር፣ የኔ ኮምፕሬሰር ይሞላል ማለት መልስ አልነበረም። ዋናው ነገር ደሞ፣ ታምቡር ሲግል ይሰፋል። ይሰፋና ከሸራው ይሸሻል። ስለዚህ ግቢ ውስጥ ቀዝቃዛ ሆኖ ልክ ጫፍ ላይ የሚይዝ ፍሬን ቁልቁለት ላይ ሲግል ዘንጉ የሚሄድበት ቦታ ያጣል፣ ቻምበሩ ውስጥ መጨረሻው ላይ ይደርሳል፣ ከዛ በኋላ የፈለገህን ያህል ብትረግጥ ሸራው ጋ የሚደርስ ጉልበት የለም።

ከሳምንት በኋላ ደንገጎን፣ ከድሬ ወደ ሐረር የሚወጣውን ዳገት፣ አልፎ መኪና እየነደደ ነው ተብሎ ሾፌሩ ተጠራ። ሲደርሱ እሳቱን የመንገዱ ሰው በአፈር አጥፍቶታል። መመለስ ነው እንግዲህ፣ ከነሙሉ ውሃው። ረዳቱ «እናፍሰውና ቀሎን እንውረድ» ብሎት እንደነበር በኋላ ሰማሁ፣ ሾፌሩ «ድሬ ውሃ ፈረቃ እየጠበቀ አምስት ሺህ ሊትር ገደል ውስጥ አላፈስም» አለው። እኔ በዚህ አልፈርድበትም፣ እኔም አላፈስም ነበር። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ላይ ሐሮማያ ስትደርስ 2,000 ሜትር አልፈሃል፣ ያንን ሁሉ ከፍታ በጠመዝማዛ መንገድ ነው ተመልሰህ የምትወርደው። ሁለት ሦስት ኩርባ ያዘለት። አራተኛው ላይ ሸራ ሸተተው። ከዛ እግሩን ሲጭን ቀስቷ ትወርዳለች መኪናው ግን አይቀንስም። ከታች ሰው የሞላ ሚኒባስ እየወጣ ነበር። በአንድ በኩል ገደል ነው፣ በሌላ በኩል የተቆረጠ አለት። አለቱ ላይ አስጠጋው፣ እያሻሸው ሄዶ ሄዶ አንድ ጉብ ያለ ድንጋይ ላይ ገጨና ቆመ። ረዳቱ ተረፈ። የሾፌሩ ግራ እግር ሁለት ቦታ ተሰበረ፣ ብረት ገባለት፣ ከዛ ቀን በኋላ ከባድ መኪና አልነዳም።

እኔ በፒካፕ ደረስኩ። የኋላ ጎማዎቹ አሁንም ይጨሳሉ፣ ታንከሩ ተሰንጥቆ ያ ያልፈሰሰው ውሃ ሁሉ አስፋልቱ ላይ ወርዶ፣ ፍየል የሚጠብቁ ልጆች በጄሪካን ይቀዱ ነበር። እዛው አደርን። ጠዋት ሁሉም ነገር ሲቀዘቅዝ፣ ሰው ሳይመጣ፣ ታኮ አድርጌ ስሩ ገባሁ። ሞተሩ ደህና ስለነበር አየር ሞላሁ፣ አጠፋሁት፣ የኋላውን ዘንግ ቻምበሩ አፍ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግኩበት፣ የፒካፑን ልጅ እስከ መጨረሻው ርገጥ አልኩት። ነጩ ምልክት ከቻምበሩ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። በማስመሪያ ለካሁት። አምስት ሴንቲ ተኩል። ያ ቻምበር መጠኑ 30 ቁጥር ነው፣ ዘንጉ እንዲወጣ የሚፈቀደው 2 ኢንች ነው፣ አምስት ሴንቲ ከአንድ ሚሊ ማለት ነው። ሌላኛውን ለካሁ፣ ያው። የፊቶቹ ደህና ነበሩ። ያ ሁሉ ቶን በፊት ጎማ ብቻ ነበር የሚያዘው።

አጀስተሮቹ በእጅ የሚስተካከሉ ነበሩ። አንድ ቁልፍ፣ ሩብ ሰዓት ሥራ።

ኮሚቴ ተቋቋመ። ጠሩኝና «የፍሬኑ ሁኔታ እንዴት ነበር?» አሉኝ። «ከሳምንት በፊት ግቢ ውስጥ ሞክሬው ይዟል፣ ፈርሜበታለሁ» አልኩ። ውሸት አይደለም። የጠዋቱን አምስት ሴንቲ ተኩል ግን አልተናገርኩም፣ ማንም ስላልጠየቀኝ አልተናገርኩም። ሪፖርቱ «ሾፌሩ በተገቢው ማርሽ ባለመውረዱ» ብሎ ወጣ። ሰውየው ክራንች ላይ ሆኖ ደሞዙ ተቆረጠበት። እኔ ያኔ ሁለት ልጆች ነበሩኝ፣ ሦስተኛዋ በሆድ ነበረች፣ ፈራሁ። ይሄንን እንደ ምክንያት እንድትቀበሉልኝ አይደለም የምነግራችሁ።

አባቴ ቢሰማ ምን እንደሚል አውቃለሁ። የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበር፣ ይቺ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ የተፈጠረች ናት፣ እኛም ከዛው ነን። ልጅ ሆኜ ምሳ ሳደርስለት የፉርጎ ፍሬን ያሳየኝ ነበር። ዌስቲንግሃውስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1872 ያመጣው ዘዴ ነው፣ ከዛ በፊት አየር ገብቶ ነበር ባቡሩን የሚይዘው፣ ቱቦ ከተበጠሰ ፍሬን የለም። እሱ ገለበጠው፣ መስመሩ ውስጥ ያለው አየር ሲጠፋ ፍሬኑ በራሱ እንዲይዝ አደረገ። አባቴ ቱቦውን ነቅሎ «ሺሺሺ» ሲል ጎማው ጭምቅ ብሎ ሲያዝ እንዴት እንደሚደሰት! የናንተም መኪና የእጅ ፍሬን የዛ ዘመድ ነው፣ ውስጡ ያለውን ትልቅ ስፕሪንግ ጨምቆ የያዘው አየር ነው፣ አየር ሲወርድ ስፕሪንጉ ይለቀቅና ይይዛል። (ያንን ቻምበር ስፕሪንጉን በቡሎኑ ሳታስሩ እንዳትፈቱት፣ ሰው ይገድላል፣ ይሄ ቀልድ የለውም።) ታዲያ ይሄ ፍሬን አየር ስላለቀ ያድናል እንጂ አየር እያለ ዘንጉ ስለረዘመ አያድንም። ደንገጎ ላይ አየር ነበረ።

እናንተ ከኛ የተሻለ ዕድል አላችሁ፣ አዲሶቹ መኪኖች አጀስተራቸው ራሱን ያስተካክላል። ግን እዚ ላይ የዛሬ ልጆች የምታናድዱኝ ነገር አለ። ራሱን ያስተካክላል ከተባለ በቃ ማየት ቀረ፣ ሁሉም ኮምፒውተር ሰክቶ ስክሪን ያያል፣ ስክሪኑ ካልጮኸ ደህና ነው። አንዳንዱ ደሞ ዘንጉ ረዝሞ ሲያገኘው በቁልፍ ያጠብቅና ይሄዳል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ይሆናል። አውቶማቲክ የሆነው ከላላ የሆነ ነገር አለው ማለት ነው፣ ወይ አጀስተሩ ራሱ ሞቷል፣ ወይ የካሙ ቡሽ (የሚዞርበት ቀለበት) ተበልቷል፣ ወይ ሲጀመር አገጣጠሙ ልክ አልነበረም። በእጅ ማጥበቅ በሽታውን መሸፈን ነው። ስልካችሁ ላይ ከምታጠፉት ሰዓት ሩቡን ስር ብትገቡ… ግን ደሞ ልክ ነው፣ የጎረቤቴ ልጅ የጠመኔውን ምልክት ከማስመሪያው ጋር በስልኳ ፎቶ እያነሳች በቀን በቀኑ ታስቀምጣለች፣ አሳይታኛለች። እኔ ያኔ እንደዛ ያለ ፎቶ ቢኖረኝ ኮሚቴው ፊት ዝም ማለት አልችልም ነበር። ስለዚህ ስልኩን ያዙት።

ፍሳሽም አትናቁ። ሞተር አጥፍታችሁ፣ ፍሬን ሳይያዝ፣ ቀስቷ በደቂቃ ከ2 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) በላይ መውረድ የለባትም፣ ተረግጦ ከ3 በላይ። ለሌላ መኪና ይሄ ቁጥር ነው፣ ለእሳት አደጋ ግን ሌሊቱን ሙሉ የፈሰሰ አየር ማለት ደወል ሲደወል ስፕሪንጉ ጎማውን ይዞት፣ ሰው ቤቱ እየነደደ መኪናው ግቢ ውስጥ አየር እስኪሞላ ቆሞ ይጠብቃል ማለት ነው። አየሩ ከሚጠራቀምበት ቦምቦላ በየጊዜው ውሃ አፍስሱ፣ የሚወጣው ዘይት ከቀላቀለ ኮምፕሬሰሩን እዩ። የቀረውን ትምህርት ቤት ነግረዋችኋል።

ድሮ የሐረር ፔጆ 404 ሾፌሮች ደንገጎ ሲወርዱ ቆመው የጋለ ታምቡር ላይ ውሃ ሲደፉ አይቻለሁ፣ እኔም ልጅ ሆኜ ጣሳ አቀብያለሁ፣ እንፋሎቱ ደስ ይለን ነበር። እንዳታደርጉት፣ ታምቡር ይሰነጠቃል። በራሱ ይቀዝቅዝ።

ሾፌሩን ከዓመታት በኋላ ቤቱ ሄጄ ነገርኩት። ቀፊራ አካባቢ ልጁ ሱቅ አላት፣ በረንዳው ላይ ነው የሚውለው፣ ያ እግሩ ተዘርግቶ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ጠመኔውን፣ አምስት ሴንቲ ተኩሉን፣ ኮሚቴው ፊት ያልኩትን። ረጅም ሰዓት ዝም አለ። ከዛ «ቀስቷን ነግሬህ ነበር» አለ። ሌላ ምንም አላለም። ልጁን ሻይ አምጪ አላት፣ ጠጣን፣ አመሻሽ ላይ እስከ ታክሲው ሸኘኝ፣ ቀስ እያለ፣ እኔም ቀስ እያልኩ። ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው እስካሁን የምሰማት። ሾፌር ትንሽ ነገር ሲነግራችሁ፣ አማረረ ብላችሁ አትለፉት። እሱ በየቀኑ ነው መኪናው ላይ የሚቀመጠው፣ እናንተ በወር አንዴ ናችሁ። አንዳንዱ ሾፌር እውነትም ያማርራል፣ የዛሬዎቹ ሬዲዮ ባይሠራም ሪፖርት ያደርጋሉ፣ ቢሆንም ሂዱና ለኩ። መዝገቡ ላይ ደሞ «ደህና» ብላችሁ አትጻፉ፣ ቁጥሩን ጻፉ። የያንዳንዱን ጎማ።

ልጄ፣ ይሄን ካነበብሽ፣ ባለፈው ስለጮህኩብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ጋራዥሽ ጋ እመጣለሁ፣ ሙቀቱ ሳይነሳ፣ አንድ ሰዓት ላይ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሚው፣ ታኮውን አዘጋጂ፣ የሚረግጥልን ሰው አንድ ጥሪ። ጠመኔና ማስመሪያ እኔ ይዣለሁ። አንቺ ግቢና ለኪው፣ እኔ መዝገቡን እይዛለሁ።