መልስ፦ ማሳ የሌለው ኮሌጅ ዘላቂ ግብርናን እንዴት ያስተምር?

መምህር፣ «ኮሌጃችን ትንሽ ነው፣ የሙከራ ማሳም የለን፤ ታሪክና ቋንቋ ለሚያጠኑ ልጆች ዘላቂ ግብርናን ከምን ልጀምርላቸው?» ብለዋል። ጎጃም ተቀምጠው ማሳ አጣሁ አይበሉ እንጂ!

እኔ ብሆን ከአሲዳማው አፈር እነሳለሁ። ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና ሥሩን ይጎዳል። ሰብሉ የሚመገበው ፎስፈረስም አፈሩ ውስጥ ይታሰራል። ማዳበሪያ ቢጨመርም ሰብሉ እምብዛም አይጠቀምም። ኖራ መፍትሔ ነው፤ ግን ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ስለሚፈልግ ማጓጓዙ ያስመርራል።

ከዚያ አዊ ዞን ወዳለው ፋግታ ለኮማ ወረዳ ይውሰዷቸው። ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ይተክላል፣ በመጀመሪያው ዓመት በችግኞቹ መሃል ጤፍ ይዘራል። ከ5 ዓመት ገደማ በኋላ ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል። ገቢ አለው፣ አፈሩም ያገግማል። በቅርብ ዓመታት ግን ዛፉን በሽታ መታው። ታዲያ በአንድ ዝርያ ላይ መንጠልጠል ይዘልቃል ወይ? የታሪኩም የቋንቋውም ተማሪ እዚህ ላይ ይከራከር።

ግብጦንም አይርሱ (አረቄው ብቻ አይታወሰን)፤ ደካማ መሬት ላይ በቅሎ ናይትሮጅን ይጨምራል። ለእርከን ደግሞ ደምበጫ አካባቢ አንጀኒ አለ፤ ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ የአፈር መሸርሸር ሲጠናበት የኖረ ተፋሰስ ነው።

ፈተናውን በወረቀት ባያደርጉት እመርጣለሁ። እያንዳንዱ ተማሪ የአንድ ገበሬ ማሳን ታሪክ ጠይቆ ጽፎ ያምጣ።