27┬░ ምንድን ነው? ስለ ምልክቶች ጥያቄና መልስ

የጅማ ዝናብ ዛሬም ከቤት አላስወጣ ብሎኛል። ቡናው እስኪፈላ ጥያቄዎቻችሁን ልመልስ።

ጥያቄ፦ በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የጻፍኩት ፕሮግራም የቡና ማድረቂያ አልጋውን ሙቀት ያሳያል። ዊንዶውስ ላይ ግን 27° በማለት ፈንታ 27┬░ ይላል። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ምንም አላጠፋሽም እህቴ። ፋይልሽ የተቀመጠው በዩቲኤፍ-8፣ ማለትም ፊደልን በቁጥር በሚያስቀምጥ ዘዴ ነው። እዚያ ዲግሪዋ ሁለት ባይት (ሁለት ቁጥር) ትይዛለች፦ 194 እና 176። ጥቁሩ የዊንዶውስ ትእዛዝ መስኮት ደግሞ 437 የሚባለውን የድሮ የፊደል ሠንጠረዥ ይዞ ቁጭ ብሏል። በሱ ቤት 194 ማለት ┬፣ 176 ማለት ░ ነው። የደረሰውን ቁጥር በራሱ ሠንጠረዥ አነበበ፣ በቃ። ፕሮግራሙን ከማስነሳትሽ በፊት እዚያው መስኮት ላይ ሲ-ኤች-ሲ-ፒ (chcp) ብለሽ 65001 ጨምሪበት። እኔ ይሄን ሳላውቅ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሴንሰር ስፈታ ስገጥም ውያለሁ።

ጥያቄ፦ የቡናው እርጥበት 11.5% እንዲል ፈልጌ ፐርሰንቷ ትጠፋብኛለች።

መልስ፦ ፕሪንትኤፍ (ጽሑፍ የሚያሳየው የሲ ትእዛዝ) ውስጥ % የራሱ ሥራ አለው። ደግመህ ጻፈው፦ %%። አለቀ።

ጥያቄ፦ አርዱዪኖ (ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ላይ የገጠምኩት 16 በ2 ኤልሲዲ ስክሪን ° ስልክለት ጉድ ያሳየኛል። «ሙቀት» ብሎ በአማርኛስ ይጽፋል?

መልስ፦ ያቺ ስክሪን ዩኒኮድን፣ ማለትም የዓለም ፊደሎችን በቁጥር የሚመዘግበውን ሥርዓት፣ አታውቀውም። ፊደሎቿ ቺፗ ላይ ታትመው ነው የመጡት። የጃፓን ፊደል ባለባት፣ በብዛት በምትገኘዋ ዓይነት፣ ዲግሪ 223 ነው። ቁጥሩን በቀጥታ ላክላት። አማርኛም ይቻላል፣ ግን የእጅ ሥራ ነው። ራስህ የምትስላቸው 8 ፊደሎች ቦታ አላት፤ እያንዳንዱ 5 በ8 ነጥብ። «ሙቀት» ሦስቱን ይወስዳል። መጀመሪያ ባለካሬ ደብተር ላይ ሞክረው፤ «ሙ» ታስቸግርሃለች።

ጥያቄ፦ «ጅማ» ሁለት ፊደል ሆኖ ሳለ ሲ ርዝመቱ 6 ነው ይለኛል። የዋጋ ሠንጠረዤም ተንጋደደ።

መልስ፦ በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው። ስትርለን (የሲ ርዝመት ቆጣሪ) ባይት እንጂ ፊደል አይቆጥርም። ፓይተን 3 የሚባለው ቋንቋ ግን 2 ይልሃል።

ጥያቄ፦ አንዳንዴ ባዶ ሳጥን፣ አንዳንዴ የጥያቄ ምልክት ይመጣል። ልዩነት አለው?

መልስ፦ አለው እንጂ! ሳጥን ከሆነ ፊደሉ ደርሷል፣ ፎንቱ ነው የጎደለው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጫን። ተራ የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ፊደሉ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ተቀይሮ ቀርቷል። ሺህ ፎንት ብትጭን አይመለስም፤ ከምንጩ እንደገና አምጣው።