ከካናቢስ የወጣ ጠብታ ለስትሮክ ሕመምተኛ መስጠት ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። አባቴ በስትሮክ ከታመመ ሁለት ወር አልፎታል። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሎታል፣ አንደበቱም ተይዟል። አንድ ዘመዳችን ከካናቢስ የተጨመቀ ዘይት በብልቃጥ አምጥቶ «የሞተ የአንጎል ሕዋስ ያድሳል፣ ሳይንስ አረጋግጦታል» አለን። እናቴ ደግሞ «ሐሺሽ ቤቴ አይገባም፣ ጸሎት ይበቃዋል» ትላለች። አባቴ ሳያውቅ ሻይ ውስጥ ጠብ ላደርግለት አስቤ ነበር። ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ለአባትሽ ምሕረቱን ይላክላቸው። የጠየቅሽኝ ስለ ቅጠሉ ነው። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን «ሳያውቅ» ያልሽው ነው። እሱን ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ተክሉ የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው፣ በራሱ ርኩስ አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረና አስተዋይ ሰው እንደማይንቀው ይናገራል። ቅዱስ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲወስድ መክሮታል። ያው ጳውሎስ «በወይን ጠጅ አትስከሩ» ብሎ ያስተምራል። ሞርፊን የሚባለው ብርቱ የሕመም ማስታገሻም የሚወጣው ኦፒየም ከሚባለው አደንዛዥ ዕፅ ነው። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሞርፊን የተወጋን ምእመን ግን ማንም ንስሐ ግባ አይለውም። ለመደንዘዝ የሚወስደው ሰው ሌላ ጉዳይ ነው፤ «መድኃኒት ነው» ቢል ራሱን ነው የሚያታልለው።

ደግሞ ካናቢስ ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የሚያሰክረው ቲኤችሲ የሚባለው ነው። ካናቢዲዮል ወይም ሲቢዲ የሚሉት አያሰክርም። በ2018 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከካናቢዲዮል የተሠራ መድኃኒት በልጅነት ለሚጀምሩ ሁለት ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ፈቅዷል። ለስትሮክ ግን አይደለም።

ዘመዳችሁ ከመሬት ተነስቶ አላወራም። በስትሮክ ጊዜ ደም ያጡ የአንጎል ሕዋሳት ግሉታሜት የሚባል ንጥረ ነገር ከልክ በላይ ይለቃሉ። እሱም አጠገባቸው ያሉትን ሕዋሳት ይመርዛል፣ ቀጥሎም እብጠትና ብግነት ይመጣል። በ1998 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ባሉ የአይጥ አንጎል ሕዋሳት ሞክረው፣ ካናቢዲዮልም ቲኤችሲም ሕዋሳቱን ከዚህ መርዝ እንደሚከላከሉ አሳይተዋል። ስትሮክ እንዲይዛቸው በተደረጉ አይጦችም የጉዳቱ ስፋት ቀንሶ የታየባቸው ጥናቶች አሉ።

ግን ልብ በይ። እነዚህ ሙከራዎች ሊሞት ያለን ሕዋስ ለማትረፍ ነበሩ፤ የሞተን ለማስነሳት አይደለም። የአባትሽ ደግሞ ሁለት ወር አልፎታል። ከአይጥ ወደ ሰው ሲመጣም ነገሩ ይለያያል። ዴክሳናቢኖል የተባለ ሰው ሠራሽ ካናቢኖይድ (ካናቢስ ውስጥ ካሉት ጋር የሚመሳሰል ንጥረ ነገር) በእንስሳት ላይ ተስፋ ሰጥቶ ነበር። በአደጋ ጭንቅላታቸው በተጎዳ ከ800 በላይ ሰዎች ላይ ተሞከረ። በ2006 የወጣው ውጤት ምንም ጥቅም አላሳየም። ስለዚህ «ሊጠቅም ይችል ይሆናል፣ እየተጠና ነው» ቢላችሁ እውነት ነበር። «ተረጋግጧል» ማለቱ ግን ልክ አይደለም። የታመመ ሰው ቤት ገብቶ ያልተረጋገጠ ተስፋ መስጠት ቀላል ነገር እንዳይመስለው።

አሁን ወደ ሻዩ እንምጣ። ከስትሮክ በኋላ ብዙ ሰው መዋጥ ይቸግረዋል። ቀጭን ፈሳሽ ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። አባትሽ ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ፣ ካናቢዲዮል የዋርፋሪኑን መጠን ደማቸው ውስጥ ከፍ አድርጎ ለመድማት ሊያጋልጣቸው ይችላል። አንቺ በድብቅ ጠብ ብታደርጊ ሐኪሙ ችግሩ ከየት እንደመጣ በምን ያውቃል?

ከሁሉ በላይ ግን አባትሽ መናገር አቃታቸው እንጂ መስማት አቆሙ አላልሽኝም። አንደበቱ የተያዘ ሰው ብዙ ጊዜ የሚባለውን ይረዳል። ስለዚህ ፊት ለፊታቸው ቁጭ በይ። በአጭር በአጭሩ ንገሪያቸው። «እሺ ካሉ በግራ እጅዎ እጄን ይጭመቁት» በያቸው፣ መልሳቸውንም ሳትቸኩዪ ጠብቂ። የወለደሽን ሰው እንደ ዕቃ በላዩ ላይ መወሰን «አባትህንና እናትህን አክብር» ከሚለው ትእዛዝ ጋር አይሄድም። ሐሳብሽ ከፍቅር እንደመጣ አውቃለሁ። እስካሁን ካላደረግሽው አታድርጊው። አድርገሽው ከሆነ ግን ዛሬውኑ ለሐኪሙ፣ ቀጥሎ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ቅደም ተከተሉን ሆን ብዬ ነው እንዲህ ያደረግሁት።

እናትሽንም አትቀየሚያቸው፤ ስለ ጸሎት ያሉት ትልቅ ነገር ነው። «ይበቃዋል» የሚለው ላይ ግን ንጉሥ ሕዝቅያስን አስታውሻቸው። ታሞ አልቅሶ ጸለየ፣ እግዚአብሔርም ሰማው፣ 15 ዓመት ጨመረለት። ይህን ከሰማ በኋላም ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ ቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። ጸሎት ተሰምቶ እያለ መድኃኒት ታዘዘ ማለት ነው። ለአባትሽም የሚታወቀው እርዳታ አለ፤ የደም ግፊታቸውን መቆጣጠር፣ የፊዚዮቴራፒው እንቅስቃሴ፣ የንግግር ልምምዱ። እነዚህ አሰልቺ ናቸው፣ ወራት ይፈጃሉ። ጸሎቱ በእነሱ ላይ ይጨመር።

ብልቃጡን አትጣዪው፣ አትክፈቺውም። በቀጣዩ ቀጠሮ ለሐኪሙ አሳዪው። ውስጡ ምን እንዳለ፣ በምትኖሩበት አገር ሕግ ይፈቀድ እንደሆነ፣ ከሚወስዱት መድኃኒት ጋር ይጋጭ እንደሆነ ጠይቂው። አይሆንም ካለሽ ለዘመዳችሁ አመስግነሽ መልሺለት።