ሜሪላንድ ሆነህ ባይነሪ ቃታ ልግዛ ወይ ላልከው ወንድሜ

ሜሪላንድ ነኝ፣ ግሪን ካርድ አለኝ፣ ለኤአር-15 ጠመንጃ የሚሆን ባይነሪ ቃታ (ስትስበው አንድ፣ ስትለቀው ሌላ የሚተኩስ) ኦንላይን አየሁ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈቅዷል ይባላል፣ ልግዛ ወይ ብለሃል። እንዳትገዛ! እኔም እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ ወረቀቴም እንዳንተው ግሪን ካርድ ነው።

1. ፍርድ ቤቱ ጁን 14፣ 2024 የወሰነው ስለ ባምፕ ስቶክ ነው፣ ጠመንጃው ሲተኩስ ወደፊትና ወደኋላ እየተንሸራተተ ቶሎ ቶሎ እንዲተኩስ ስለሚያደርገው ሰደፍ። 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ፣ በፌዴራሉ ሕግ መትረየስ አይባልም አሉ፣ አለቀ። የስቴት ሕግ አልነኩም። የፌዴራሉ መንግሥት በ2025 ስለ ኤፍአርቲ ቃታ (ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በኃይል ወደ ቦታው ስለሚመለሰው) ከአምራቹ ጋር ሲታረቅም የስቴቶቹ ክልከላ እንዳለ ነው የቀረው።

2. ሜሪላንድ ከኦክቶበር 1፣ 2018 ጀምሮ ተኩስ የሚያፈጥኑ ዕቃዎችን ከልክላለች። ባይነሪ በስሙ ተጠርቶ ሕጉ ውስጥ አለ። መግዛት ብቻ እንዳይመስልህ፤ መያዝም፣ መሸጥም፣ ለሽያጭ ማቅረብም፣ ከሌላ ስቴት ይዞ መግባትም ያስከስሳል። እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 5,000 ዶላር ቅጣት፣ ወይም ሁለቱም። የፋብሪካውን ቃታ የሚያሻሽል ተራ መለወጫ ቃታ ግን አይከለከልም። ይቺን ብዙ ሰው አያውቃትም።

3. ሻጭ አትመን። እኔ ያዘዝኩት ያንን የተፈቀደውን ተራ ቃታ ነበር፣ ሌላ ስቴት ካለ ሱቅ፣ ሙሉ ዋጋውን ቀድሜ ከፍዬ። ልወስድ ስሄድ ካርቶኑን እዚያው ባንኮኒው ላይ ከፈትኩት። አብሮት ያለው የተኩስ መምረጫ ማንሻ (ሴፍቲው) ሁለት ሳይሆን ሦስት ቦታ አለው። ሦስተኛው ቃታውን ስትስብ አንድ፣ ስትለቅ ሌላ የሚተኩሰው ነው። «ያዘዝከው አልቋል፣ የተሻለ ነው የሰጠንህ» አለኝ ልጁ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው ስለው «ማን ያይሃል?» ብሎ ሳቀ። ማን ያይሃል! ቢያዝ እሱ አይታሰር። ብሬን መልስ ስለው የመመለሻ ክፍያ ብሎ ቆረጠብኝ፣ ባላዘዝኩት ዕቃ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ግን ሕጉን ራሴ አንብቤ ስለሄድኩ ያንን ካርቶን ይዤ ድንበር አልተሻገርኩም፣ በዚህ ደስ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ሌላ ቃታ ከማዘዜ በፊት ላጣራ ብዬ አንድ መሥሪያ ቤት ደወልኩ። ሙዚቃ ሲያሰሙኝ ቆይተው አንዷ አነሳችና ጥያቄዬን ሳልጨርስ «ጠበቃ ጠይቅ» ብላ ዘጋችው። ጠበቃ ጠየቅኩ። የነገረኝ ነገር ነው ይህን ሁሉ የሚያስጽፈኝ። የኢሚግሬሽን ሕጉ በጦር መሣሪያ ወንጀል ተፈርዶበት ከአገር ሊባረር የሚችለውን ሰው ሲዘረዝር መሣሪያ ብቻ አይልም፣ ክፍልና ተጨማሪ ዕቃም ይላል። ቃታው እዚያ ውስጥ ይገባል አይገባም ብሎ ጠበቃ ሊከራከርልህ ይችላል። ግን ክርክሩ የሚሆነው ኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት ቆመህ ነው። ዜጋ የሆነ ጓደኛህ ተቀጥቶ ወደ ቤቱ ይገባል፣ አንተ ቤተሰብህን ትተህ ልትሄድ ነው። ለአንድ ቃታ?

ከጓደኛዬ የተረፈ አንድ አሮጌ ባይነሪ ቃታ አለኝ፣ ልሽጠው ወይ ያልከውን ደግሞ ፎቶ አንስተህ የትም እንዳትለጥፍ። ማስታወቂያው ራሱ ለሽያጭ ማቅረብ ነው። ጠመንጃው ላይ እንዳትገጥመው፣ መኪና ውስጥም አታስገባው። ነገ ጠዋት የወንጀል ጠበቃ ጋ ደውል፣ ኢሚግሬሽንም የሚያውቅ ይሁን። ለፖሊስ የሚሰጥም ከሆነ ጠበቃው ቀድሞ ይደውልልህ፣ ብቻህን ይዘህ እንዳትሄድ።