የቤተ መንግሥት ማስፋፊያን ለመመረቂያ መምረጥ ሥራ ያሳጣልን?

ውድ ጠያቂያችን፣

በባሕር ዳር የአርክቴክቸር የመጨረሻ ዓመት ተማሪ እንደሆኑ፣ ለመመረቂያ ፕሮጀክትዎ በቤዛዊት ኮረብታ ላይ ላለው ቤተ መንግሥት በክላሲካል (የጥንት ግሪክና ሮም ሕንፃዎችን በሚከተል) ስልት የሥዕል ጋለሪ ማስፋፊያ ለመንደፍ እንደመረጡ፣ አማካሪ መምህርዎ ግን «የድሮ ቅጂ ነው፤ ይህን ይዘው የሚቀጥርዎ ቢሮ አያገኙም» እንዳሉዎት ጽፈውልናል። ርዕሱን መተው ይኖርብዎ እንደሆነም ጠይቀዋል።

አይተዉት፤ የሚከራከሩበትን ነጥብ ግን ይለውጡ። ሥራውን የሚያውቅ ቀጣሪ ሥዕልዎን ሲዘረጋ አስቀድሞ የሚፈልገው የዓምዱን ስልት ሳይሆን አዲሱ ግንብ ከነባሩ ጋር የሚገናኝበትን መጋጠሚያ ነው። አዲሱ መሠረት ነባሩን ሳያናጋ የት ይቆማል? የክረምቱ ውኃ በሁለቱ ጣሪያዎች መካከል በየት ይወርዳል? ከመቶ ዓመት በኋላ ማስፋፊያው ቢነሣ ነባሩ ሕንፃ ሳይጎዳ ይቀራል? ለእነዚህ በአንድ ለሃያ መጠን በተሣለ ዝርዝር መልስ የሰጠ ተመራቂ «ቅጂ ሠሪ» ተብሎ አይታለፍም።

በለንደን የበኪንግሃም ቤተ መንግሥት ጋለሪ ታሪክ ለዚህ ይረዳዎታል። አርክቴክቱ ጆን ናሽ የሠራው የዕፅዋት ማቆያ ቤት በ1843 ጸሎት ቤት ሆነ፤ በ1940 በጀርመን ቦምብ ተመታ፤ በ1962 በዚያው ቦታ ጋለሪ ተከፈተ፤ በ2002 ደግሞ አርክቴክቱ ጆን ሲምፕሰን አስፋፍቶት፣ የግሪክ ዶሪክ (ጌጥ ያልበዛባቸው ወፍራም) ዓምዶች ያሉት መግቢያ ጨምሮለት፣ ለንግሥት ኤልሳቤጥ የ50ኛ ዓመት የንግሥና በዓል ደረሰ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዶሪኩ እዚያ የተስማማው ናሽ ያስፋፋው ቤተ መንግሥት ራሱ የክላሲካል ሥራ ስለሆነ ነው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በተሠራው በቤዛዊት ግን የግሪክ ዓምድ ዘመድ ይኑረው አይኑረው ገና አላሳዩም፤ መምህርዎ ትክክል የሚሆኑትም እዚህ ላይ ይመስለኛል። የነባሩን ሕንፃ የመስኮት ስፋት፣ የወለል ከፍታና የግድግዳ ውፍረት በልኬት ይውሰዱና ስልቱ ከልኬቱ ይውጣ። የጣና ዳርቻ የራሱ ነባር የግንብ ጥበብ እንዳለውም አይርሱ፤ በእንፍራዝ አጠገብ ያለው የዐፄ ሠርፀ ድንግል ጉዛራ፣ በጎርጎራ ያለው የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ፍርስራሽና ከዚያ በኋላ የተነሡት የጎንደር ግንቦች አንድ መስመር ናቸው። ክላሲካል የሚለውን ቃል ለአቴና ብቻ ሰጥተው ይህን መስመር ቢያልፉት ፈታኞችዎ በትክክል ይጠይቁዎታል።

ለክርክሩ ስለ ቅርስ ሕንፃዎች ጥገና የወጣውን ዓለም አቀፍ የመርሆች ሰነድ፣ የ1964ቱን (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የቬኒስ ቻርተር ራስዎ ያንብቡ። መምህርዎ አንቀጽ 9ን ሊጠቅሱ ይችላሉ፤ ይህ አንቀጽ በጥገና ወቅት የሚጨመር የግድ ሥራ የዘመኑ ምልክት እንዲኖረው ያዛል። ስለ ማስፋፊያ የሚናገረው አንቀጽ 13 ግን የሕንፃውን ትኩረት የሚስቡ ክፍሎች፣ ነባር አካባቢውን፣ የአሠራሩን ሚዛንና ከዙሪያው ጋር ያለውን ግንኙነት የሚጎዳ ጭማሪ እንዳይፈቀድ ይላል እንጂ ስልትን አይመርጥም። መከላከያዎን በዚህ ላይ ይገንቡት።

ጋለሪው ራሱም ከባድ ጥያቄ አለበት። ብራናና የውኃ ቀለም ሥዕል ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ያልበለጠ ብርሃን ይፈልጋሉ፤ የቤዛዊት ውበት ደግሞ ወደ ዓባይ የሚያየው ገጽታ ነው። ስለዚህ ትልቁን መስኮት ለማረፊያው ኮሪደር ይተዉትና የሥዕል ክፍሎቹን ወደ ውስጥ ያስገቡ። በክፍሎቹ የሚሰቀለው ከየት እንደሚመጣም ይጻፉ፤ የደሴት ገዳማቱ ንብረት ከገዳማቱ እንደሚወጣ ታሳቢ ያደረገ ንድፍ ካህናቱን ያልጠየቀ ንድፍ ነው።

ስለ ሥራው፦ በ2012 ዓ.ም. በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ የተከፈተው አንድነት ፓርክ ነባር ቤተ መንግሥቶችን ለጎብኚ የማዘጋጀት ሥራ በአገራችን እንዳለ ያሳያል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ጥገና የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ ስለሚጠይቅ፣ የፈቃድ ሰነድ ማዘጋጀት የሚችል ወጣት ለአማካሪ ቢሮዎች ይጠቅማል። በጎንደር በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ የተሠራው ጥገና በኋላ ተነሥቶ በኖራ መተካቱን ያጥኑ፤ ስለ ኖራ ድብልቅ አንድ ገጽ በፖርትፎሊዮዎ ቢኖር ብዙ ይናገርልዎታል። ከቤተ መንግሥቱ ሥራ ጎን አንድ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ የነደፉበትን ፕሮጀክትም ያስገቡ፤ አብዛኛው ቢሮ የሚኖረው በእነዚህ ነው። ወደ ፊት መግፋት ከፈለጉ በሮም ያለው ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥበቃ ማዕከል፣ ኢክሮም፣ የቅርስ እንክብካቤ ሥልጠና ይሰጣል፤ በአሜሪካ ኢንዲያና የሚገኘው የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ክላሲካል አርክቴክቸርን ያስተምራል።

ቤተ መንግሥቱ ያለ ፈቃድ የሚለካ ግቢ ስላልሆነ፣ ከትምህርት ክፍልዎ የድጋፍ ደብዳቤ አስጽፈው ለክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ያስገቡ፤ መልሱ እስኪመጣ ጉዛራን ይለኩ፤ ፈቃዱ ከዘገየም የመመረቂያ ቦታዎን ወደ ጉዛራ አካባቢ ያዛውሩና ጋለሪውን ከፍርስራሹ ራቅ ብሎ ራሱን ችሎ እንዲቆም አድርገው ይንደፉት።