ስለ ትንሽ ሽጉጥ ለጠየቅከው፦ ዘጠኝ ዓመት ወገቤ ላይ

ሰላም ወንድም ዓለም። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መሃል ሜዳ ሆነህ በግና እህል ትነግዳለህ። ፈቃድህ ሊወጣልህ ተቃርቧል። «ልብስ ሥር የምትያዝ ትንሽ ሽጉጥ ፈልጌ ነበር፤ ማካሮቭ ይሻላል ወይስ አዳዲሶቹ ትናንሾቹ? ሲተኮሱ እንዴት ናቸው? ቀኑን ሙሉ ለመያዝስ?» ብለሃል። እስካሁን የመለሱልህ ሁሉ የሽጉጥ ስም ደረደሩልህ። ስለ ቀበቶ ያነሳ አንድም ሰው አላየሁም። እኔ ከቀበቶ ነው የምጀምረው።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከእነዋሪ ስንዴና ምስር፣ ከምንጃር ጤፍ እያነሳሁ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። አባቴ ወታደር ነበር። ከሱ የቀረችውን ማካሮቭ በስሜ አዛውሬ፣ ፈቃድ አውጥቼ ከ2004 እስከ 2013 ይዣታለሁ። በዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን ሰው ላይ አልመዘዝኳትም፣ ተመስገን። ዒላማ ላይ የተኮስኩት ጥይት ቢቆጠር መቶ አይሞላም። ታጥቄያት የዋልኩበት ቀን ግን ከሺህ ይበልጣል። እንግዲህ ሒሳቡን አንተው ሥራው።

ማካሮቭ ባዶዋን 730 ግራም ትመዝናለች። ስምንት ጥይት ስትጎርስ ከ800 ታልፋለች። ወረቀት ላይ ሲያዩት ምንም አይደለም። እኔ የመጀመሪያውን ወር በተራ የሱፍ ሱሪ ቀበቶ ታጠቅኳት። ሱሪዬ በቀኝ በኩል ይወርዳል፣ ሽጉጧ ወደ ውጭ ትንጋደዳለች፣ እኔም በየአሥር እርምጃው ሱሪዬን ሽቅብ እስባለሁ። ገበያ ውስጥ የሚያውቁኝ ሁሉ «ምን ይዘሃል?» ማለት ጀመሩ። ተደብቆ መያዝ እዚያ ላይ አበቃ። ኋላ አንድ ጫማ ሠሪ ዘንድ ሄጄ ድርብ ቆዳ ቀበቶ አሰፋሁ። ማህደሩንም ለሷ ልክ አሠራሁት፦ አፉ የማይጨማደድ፣ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን። ክብደቷ ያው ነው፤ ቀበቶው ስለያዘልኝ ግን እስከ ማታ እረሳት ነበር። ስለዚህ ለሽጉጡ የምታስበውን ያህል ለቀበቶውና ለማህደሩ አስብ።

ከጀርባ፣ አከርካሪ ላይ አትታጠቅ። ሚኒባስ ውስጥ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት እስክትወርድ ወገብህን ትቆፍርሃለች። ሆድ ላይ ፊት ለፊት የሚይዙም አሉ። ቦርጭ ለሌለው ይሆናል። እኔ አለኝ። ለኔ የተመቸኝ የቀኝ ዳሌ ላይ፣ ከጎን ትንሽ ወደ ኋላ ያለው ቦታ ነው። ስቀመጥ አትወጋኝም፣ ክንዴም ይሸፍናታል።

ሳልነግርህ የማላልፈው የሽንት ቤት ነገር አለ። ሳቅ ብትፈልግ ሳቅ፣ ማንም አይነግርህም። ሱሪህን ስትፈታ ቀበቶው ይላላል፣ ሽጉጡም አብሮ ይወርዳል። የጉድጓድ ሽንት ቤት ከሆነ ደግሞ ከቀዳዳው ያለህ ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም። አንድ ወዳጄ ደብረ ሲና ላይ የሱ ስትንሸራተት በጉልበቱ ግድግዳው ላይ አጣብቆ አዳናት። እንዲያ እንደቆመ ስንት ደቂቃ እንደቆየ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም መጀመሪያ ከነማህደሯ እናወጣትና ኮት ኪስ ውስጥ እናደርጋታለን። ከማህደሯ ነጥለህ ብቻ መሬት ላይ አታስቀምጣት፤ ረስተሃት ትሄዳለህ።

አሁን ወደ አገራችን ጠባይ ልምጣ። እናንተ መንዝ ብርድ ነው። ጋቢ፣ ካፖርት፣ በርኖስ ያለበት አገር ላይ ሽጉጥ መደበቅ ቀላል ነው፤ ክላሽም ይደበቃል። ችግሩ ማውጣቱ ላይ ነው። አንድ ምሽት ባዶዋን አድርጌ፣ ጥይቱን ሌላ ክፍል ትቼ፣ ጋቢዬን እንደልማዴ ተከናንቤ ሞከርኩት። ባለቤቴ ትቆጥራለች። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት…» አራት ስትል እኔ ገና ከጋቢው ጫፍ ጋር እታገላለሁ። «ሌባው ሻይ ይፈላለት እንዴ?» አለችኝ። ሳቅን። ግን በዚያ ምሽት የተማርኩት ይበዛል። ጋቢ ለብሰህ የታጠቅከው ሽጉጥ ለድንገተኛ ነገር የለም ማለት ነው። ዚፑን ከፍተህ የምትይዘው ጃኬት ይሻላል።

ቆላ ስትወርድ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሸዋ ሮቢት በሸሚዝ ነው የሚዋለው። ትንሽ ስትጎነበስ ሸሚዙ ይሳባል፣ እጀታው ብቅ ይላል። ሸሚዝህን ሰፋና ረዘም ያለ አድርገው፣ ከሱሪ ውጭ ልበሰው። ሌላው ላብ ነው። ላብ ጨው አለው፣ ብረት ይበላል። እኔ በአንድ ሳምንት የቆላ ሥራ ውስጥ ከሰውነቴ ጋር በሚነካካው ጎን ላይ እንደ ቡና ዱቄት ያለ ዝገት አገኘሁ። ማታ ማታ በዘይት በራሰ ጨርቅ መወልወል እዚያ ነው የለመድኩት። ጨርቅ ብቻ ነው፤ ዘይቱን አታፍስባት፣ አቧራ ይሰበስባል።

ስለ መተኮሱ ጠይቀሃል። ትንሽ ሽጉጥ ትንሽ ስለሆነች ለጀማሪ ትቀላለች ብለህ ካሰብክ ተሳስተሃል። በጣም ከባዷ እሷ ናት። መጀመሪያ የተኮስኩት አሠልጣኝ ባለበት፣ በተፈቀደ የዒላማ ቦታ ነው። አሥር እርምጃ ላይ ካርቶን ቆመ። ስምንቱን ጨረስኩ፤ ሦስት ቀዳዳ ተገኘ። አባቴ በክላሽ የሚመታውን ርቀት እያሰብኩ አፈርኩ።

ምክንያቱን ያስረዱኝ አሠልጣኙ ናቸው። አንደኛው የማነጣጠሪያው ነገር ነው። ማካሮቭ ላይ የፊቱና የኋላው ማነጣጠሪያ የሚራራቁት 13 ሴንቲ ብቻ ነው። አሰላለፍህ አንድ ሚሊሜትር ከተዛነፈ 10 ሜትር ላይ ከ7 ሴንቲ በላይ ትስታለህ። ክላሽ ላይ ያው ስህተት ከ3 ሴንቲ አይደርስም፣ ማነጣጠሪያው ተራርቋላ። ሁለተኛው ቃታዋ ነው። ከኋላ ያለችው መዶሻ ተኝታ ስትተኩስ የመጀመሪያው አሳሳብ ረጅምና ከባድ ነው፤ መዶሻዋን የሚያስነሳው ጣትህ ነውና። እጅህ አብሮ ይጨብጣል፣ አፈሙዙ ይደፋል፣ ጥይቱ መሬት ይመታል። ከሁለተኛው ጀምሮ መዶሻዋ ተነስታ ስለምትጠብቅህ ቃታው እንደ ላባ ይቀልልሃል። ያኔ ደግሞ ሳታስበው ይተኮሳል። «ጣትህ ብቻ ይሥራ፤ እጅህ ይተኛ» ነበር የሚሉኝ። ይህን ቃል ለመልመድ ጥይት አያስፈልግም። ባዶነቷን ሁለት ጊዜ አረጋግጠህ፣ አፈሙዙን ወደ ደህና አቅጣጫ አድርገህ፣ ማነጣጠሪያው ሳይነቃነቅ ቃታውን መሳብ ነው። እኔ ከዚያ በኋላ በስምንት ጥይት ስድስት ማግባት የቻልኩት በዚህ ነው።

አያያዝህንም ተጠንቀቅ። እጅህን በጣም ወደ ላይ ካወጣኸው የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ሲመለስ በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ መሃል ያለውን ቆዳ ይነክስሃል። ጠባሳው አሁንም አለኝ።

አዳዲሶቹን በተመለከተ እጄ ላይ የለኝም፤ ዴንቨር የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ግን አለው። ሲግ ሳወር ፒ 365 ይባላል። በነሱ አቆጣጠር በ2018 የወጣ ነው፣ ክብደቱ 500 ግራም ገደማ፣ ካዝናው አሥር ጥይት ይይዛል። ከማካሮቭ ያንሳል፣ ይቀልላል፣ ብዙም ይጎርሳል። ስሰማ ቀናሁ። «ስትይዘው መኖሩን አታውቅም፤ ስትተኩሰው ግን ያሳውቅሃል» አለኝ። ጥይቱ ከማካሮቭ የበረታ፣ ብረቱ ደግሞ የቀለለ ነውና ይራገጣል። ሃምሳ ጥይት ሲተኩስ መዳፉ ይቃጠላል። ስለዚህ ለልምምድ ተለቅ ያለ ሽጉጥ ገዝቷል። እኔ ይህን ስሰማ ትንሽ ገረመኝ፤ የሚታጠቁት ሌላ፣ የሚለማመዱበት ሌላ! እሱም ቢሆን ተደብቆ ለመያዝ ኮርስ ወስዶ ፈቃድ አውጥቷል።

አንድ ነገር በደንብ ስማኝ። «9 ሚሊ» ሲሉህ ሁሉም አንድ አይደለም። የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 ነው። የሌሎቹ አብዛኛው 9 በ19። ስታር የሚባለው የስፔን ሽጉጥ ደግሞ ብዙ ዓይነት አለው፣ እንደየዓይነቱ ጥይቱ ይለያያል። ቢመሳሰሉም አይተካኩም። ሽጉጡ ላይ የተጻፈውን ሳታነብ ጥይት አትቀበል። «ይገባል፣ ሞክረው» የሚልህን ሰው ደግሞ ቡና ጋብዘህ ሸኘው።

ከዚህ የባሰው በድብቅ የሚሸጠው ነው። አንዳንዱ ድምፅ ብቻ እንዲያሰማ ተሠርቶ በኋላ አፈሙዙ የተበሳ ነው። ብረቱ ለእውነተኛ ጥይት አልተሠራም፤ እጅህ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። በዚያ ላይ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ፈቃዱ የአንተ ስምና የዚያች ሽጉጥ መለያ ቁጥር ነው። የአጎትህ ወረቀት አንተን አይሸፍንህም።

በርሜሉ ውስጥ ጥይት ታጎርሳለህ ወይስ አታጎርስም? እኔ አላጎርስም ነበር። ካዝናው ሙሉ፣ በርሜሉ ባዶ፣ ሴፍቲው (እንዳትተኮስ የሚቆልፋት) ወደ ላይ። ማካሮቭ ላይ ወደ ላይ ማለት ተዘግቷል፣ ወደ ታች ማለት ተከፍቷል ነው፤ ይህን በጨለማም በጣትህ ማወቅ አለብህ። የመጀመሪያው ማህደሬ አፉ ልፍስፍስ ነበር። አንድ ማታ ሳወጣት ሴፍቲው ወርዶ አገኘሁት። መቼ እንደወረደ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ስተቃቀፍ ነው የዋልኩት። በርሜሉ ባዶ ባይሆን ብዬ ሳስብ እስከዛሬ ሆዴ ይርበተበታል። የአጎቴ ልጅ «ያላጎረሰ ሽጉጥ ድንጋይ ነው» ይለኛል። ይበለኝ። እሱ የሚኖረው በመኪናው ብቻውን እየነዳ ነው፤ እኔ ከሰው ጋር ተጣብቄ፣ ሚኒባስ ውስጥ ልጅ ጭኔ ላይ ተቀምጦ።

ስታራግፋት ደግሞ ቅደም ተከተሉን አትሳት። መጀመሪያ ካዝናውን አውጣ። ከዚያ አቀባብል። ከዚያ በዓይንህ እይ፣ በትንሿ ጣትህም ንካ። ገልብጠህ ካደረግከው፣ አቀባብለህ ካዝናውን ብታወጣ፣ አንድ ጥይት ውስጥ ትቀራለች። የጎረቤቴ ሽጉጥ የባረቀው እንዲህ ነው። ኮርኒሱን በስቶ ቆርቆሮውን ቀደደው። ፎቅ ቤት ቢሆን የሚሆነውን አስበው። ቤት ውስጥ ሽጉጡ ለብቻ፣ ካዝናው ለብቻ ይቆለፍ፤ ቁልፉም አንተ ጋ። «ልጆቼ አይነኩም» የሚባል ነገር የለም። ልጅ ይነካል።

ኬላ ላይ ያለውን ልንገርህና ልጨርስ። አንድ ጥዋት ጣርማ በር ላይ እንደልማዱ ጉም ወርዷል፣ አምስት ሜትር አይታይም። ሁላችሁም ውረዱ ተባልን። ፈቃዴ ያለው በሽጉጧ በኩል፣ ቀኝ ኪሴ ውስጥ ነው። እኔ ሞኙ ወረቀቱን ቀድሜ ላሳይ ብዬ እጄን ጋቢዬ ሥር ሰደድኩ። ልጁ ፖሊስ ብረቱ ደረቴ ላይ ከመድረሱ በፊት ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። እጄ ባለበት ቀረ። «ወረቀት ነው፣ ጌታዬ፣ ወረቀት!» አልኩ፤ ድምፄ የማን እንደሆነ አላወቅኩትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀቱ የግራ ደረት ኪሴ ገባ። ሁለት እጄን እያሳየሁ ቀድሜ እናገራለሁ፦ «ወንድሜ፣ ሽጉጥ ታጥቄያለሁ፣ ፈቃድ አለኝ፣ ወረቀቱ ግራ ኪሴ ነው፣ ላውጣው ወይ?» እሺ ሳይልህ እጅህን አታንቀሳቅስ።

ቤተ ክርስቲያን፣ ሠርግና አረቄ ያለበት ቤት ሽጉጥ ይዤ ሄጄ አላውቅም። እዚህ ላይ ብዙ አልልም፤ ያደግክበት አገር ነው፣ ታውቀዋለህ።

አሁን አልታጠቅም። ሽጉጧ ከነፈቃዷ ሳጥን ውስጥ ተቆልፋለች። የምይዛት ጥሬ ገንዘብ ስለምሸከም ነበር። ቴሌብር በ2013 መጥቶ፣ ገበሬውም በባንክ መቀበል ሲለምድ፣ ኪሴ ውስጥ የሚዘረፍ ነገር ጠፋ። አንተም ለግዢ የምትይዘውን ብር ግማሹን በስልክ ማድረግ ከቻልክ መጀመሪያ እሱን ሞክር፤ 800 ግራም ከወገብህ ይቀንስልሃል። አይሆንም፣ ግድ ነው ካልክ ማካሮቭን ያዝ። አሠራሯ ቀላል ነው፣ የሚጠግናትም አታጣም።

ቀበቶዋን ግን እስካሁን አልጣልኳትም። ሱሪዬን ትይዝልኛለች። የጫማ ሠሪውን ሱቅ ከፈለግከው በውስጥ ጻፍልኝ፣ ሽጉጧን ባዶ አድርገህ ይዘሃት ሂድ፤ ልክ ሳይወስድ አይሰፋም።