ከማን እጅ ወደ ማን እጅ?

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ?

ጎጃም ውስጥ 34 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬአለሁ። ቢቸና፣ ሞጣ፣ ደምበጫ፣ በመጨረሻም ደብረ ማርቆስ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም የሰፈር ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ይመጣሉ። በረንዳዬ ላይ ተቀምጠን እንሠራለን። ባለፈው ሳምንት አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ እየጻፈች ሳለ እስክሪብቶዋ አለቀባት። ቀና ብላ «መምህር፣ ካን ዩ ቦሮው ሚ ዩር ፔን?» አለችኝ።

በእንግሊዝኛ ልታናግረኝ መድፈሯ ደስ አለኝ። እስክሪብቶዬን ሰጠኋት። ግን ያለችው ልትል የፈለገችውን አልነበረም። «ካን ዩ ሌንድ ሚ» ማለት ነበረባት። ቦሮው መዋስ ነው፣ ሌንድ ማዋስ። ይህ ስህተት የእሷ ብቻ አይደለም። ካስተማርኩባቸው ክፍሎች ውስጥ ይህን ያልሰማሁበት የለም። እኔም በወጣትነቴ ሠርቼዋለሁ፣ ዋጋም ከፍዬበታለሁ።

1976 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያ የማስተማር ዓመቴ። የነበርኩበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍቱንም ደርቦ አስረከበኝ። የእንግሊዝኛ መጻሕፍቱ መዝገብ የሚያዘው በእንግሊዝኛ ነበር። እኔም 40 የሰዋስው መጻሕፍት ለተማሪዎች አዋስኩና መዝገቡ ላይ «አይ ቦሮውድ 40 ቡክስ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ፈረምኩ። የተማሪዎቹን ስም የያዝኩት በራሴ ደብተር ነበር።

ሰኔ ላይ ኦዲተር መጣ። መዝገቡን አየ። «መምህር፣ 40ዎቹ መጻሕፍት የታሉ?» አለኝ። «ልጆቹ ጋ ናቸው» አልኩ። «እዚህ የተጻፈው ግን አንተ ወሰድኩ ብለህ ነው፤ ፊርማውም ያንተው ነው» አለ። እውነቱን ነው። ቦሮው ማለት መዋስ፣ ማለትም መቀበል ነው። እኔ «ሌንት» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። የ40 መጻሕፍት ዋጋ ከደመወዜ እንዲቆረጥ ደብዳቤ ተረቀቀ።

ክረምቱ ገብቶ ልጆቹ በየአገራቸው ተበትነዋል። ደብተሬን ይዤ በእግሬ ከቀበሌ ቀበሌ ዞርኩ። አንድ ቤት መቼም አልረሳውም። ዝናቡ ጣሪያውን አልፎ ጠብ ጠብ ይላል። የልጁ እናት ወደ ጓዳ ገብታ ስልቻ ይዛ ወጣች። መጽሐፉን ከዝናብና ከጭስ እንዲተርፍ ጤፍ መሀል ቀብራው ኖሯል። ስከፍተው ከገጾቹ መካከል ጤፍ ረገፈ። «የሰው ዕቃ ነው ብዬ እኮ ነው» አለችኝ። ያቺ ሴት ፊደል አልቆጠረችም። ውሰት ምን ማለት እንደሆነ ግን ከእኔ በተሻለ ታውቅ ነበር። 37 መጻሕፍት አገኘሁ። የ3ቱን ከኪሴ ከፈልኩ።

አሁን ወደ ግሶቹ እንምጣ።

ቦሮው የተቀባዩ ግስ ነው። ሌንድ የሰጪው ግስ ነው። አንድ እስክሪብቶ ከእኔ እጅ ወደ ልጅቷ እጅ ሄደ። እሷ ስትናገር «አይ ቦሮውድ አ ፔን ፍሮም ማይ ቲቸር» ትላለች። እኔ ስናገር «አይ ሌንት አ ፔን ቱ ማይ ስቱደንት» እላለሁ። የሆነው ነገር አንድ ነው። ግሱን የሚወስነው ተናጋሪው የቆመበት ቦታ ነው።

ታዲያ ለምንድን ነው ለእኛ የሚያስቸግረን? ብዙ መምህራን ልጆቹ ስላላጠኑ ነው ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ምክንያቱ ያለው አማርኛችን ውስጥ ነው። አማርኛ ለዚህ ሁለት የተለያዩ ቃላት አያስፈልጉትም። አንዱን ሥር ይይዝና ፊቱን ያዞረዋል። ተዋሰ፣ አዋሰ። ተበደረ፣ አበደረ። በ«ተ» ከጀመረ ተቀባይ፣ በ«አ» ከጀመረ ሰጪ። ልጁ በአእምሮው የሚይዘው አንድ ቃል ነው። እንግሊዝኛውንም ሲያጠና «ቦሮው ማለት መዋስ» ብሎ ይዞ ይቀመጣል። ለዚያ ቃል የሚቀድመው ቦሮው ነው። ሌንድ ኋላ ይመጣል፣ አንዳንዴም አይመጣም።

ሌላም አለ፤ ይህንን የደረስኩበት ብዙ ዓመት ካስተማርኩ በኋላ ነው። እኛ ዕቃ ስንጠይቅ ባለዕቃውን ነው አድራጊ የምናደርገው። «አውሰኝ»፣ «አውሺኝ»፣ ለትልቅ ሰው «ያውሱኝ»። «ልዋስህ» የሚል የለም ማለቴ አይደለም፤ አፋችን የሚቀናው ግን «አውሰኝ» ነው። እንግሊዞች ደግሞ በሁለቱም በኩል ይጠይቃሉ። «ካን አይ ቦሮው ዩር ፔን?» ሲሉ አድራጊው ጠያቂው ነው። «ኩድ ዩ ሌንድ ሚ ዩር ፔን?» ሲሉ አድራጊው ባለዕቃው ነው። ልጃችን በልቡ «አውሰኝ» እያለ ስለሆነ «ካን ዩ» ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ ቶሎ የሚመጣለትን ቦሮውን ይሰካል። የዓረፍተ ነገሩ ራስ ከሰጪው፣ ግሱ ከተቀባዩ ይሆናል። ስህተቱ የሚወለደው እዚህ ጋ ነው።

ስለዚህ «ካን አይ» ካላችሁ ቦሮው። «ካን ዩ» ካላችሁ ሌንድ። ይህችን ብቻ ብትይዙ ከስህተታችሁ ግማሹ ይቀላል።

ቀሪውን «ከ» እና «ለ» ይጨርሱላችኋል። በአማርኛ «ከእሱ ተዋስኩ» እንላለን፤ ቦሮውም «ፍሮም» ይከተለዋል። «ለእሱ አዋስኩ» እንላለን፤ ሌንድም «ቱ» ይከተለዋል። በሐሳባችሁ «ከ» ካለ ቦሮው ነው፤ «ለ» ካለ ሌንድ ነው። ሌንድ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሰውየውን ቀጥሎ ካመጣችሁት «ቱ» ይወድቃል፤ «ሌንድ ሚ» እንጂ «ሌንድ ቱ ሚ» አይባልም። የኃላፊ ጊዜውንም አትርሱ፣ ሌንት ነው።

በዚህ የምንሳሳተው እኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጀርመኖች ለሁለቱም የሚያገለግል «ላይኸን» የሚል ግስ አላቸው፤ እንግሊዝኛ ሲማሩ እነሱም ይደናገራሉ። እንግሊዝኛ አፍ ከፈቱበት ሰዎችም መካከል በአንዳንድ አካባቢ «ቦሮው ሚ» የሚሉ አሉ። ፈተና ላይና ደብዳቤ ላይ ግን አይሠራም።

የአጎቴ ልጅ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ተምሯል። ልጆች ሆነን ግስ ሲያወርድ አጠገቡ ተቀምጬ እሰማ ነበር። «አለቅሐ» ሲል አበደረ፤ «ተለቅሐ» ሲል ተበደረ። ግዕዙም እንደ አማርኛው በ«አ» እና በ«ተ» ነው የሚዞረው። በቅኔ ቤት ግስ ለብቻው አይጠናም። አድራጊው ማን ነው? ተደራጊው ማን ነው? አስደራጊውስ? ይህ ሳይለይ ልጁ ወደፊት አይሄድም። የኔታ አያሳልፉትማ። እኛ በዘመናዊው ትምህርት ይህን ትተን ቃሉንና ፍቺውን ጎን ለጎን ጽፈን መሸምደድ ያዝን። በእኔ ግምት የከሰርነው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ አማርኛችን እንግሊዝኛውን የሚበልጥበትን ልንገራችሁ።

ያደግሁት ከቢቸና አለፍ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ነሐሴ ላይ ጎተራ ይጎድላል። እናቴ ቁና አስይዛ ወደ ጎረቤት ትልከኛለች። «አንድ ቁና ጤፍ አበድሪኝ ብላለች በላት» ትለኛለች። በሌላ ቀን ደግሞ ወንፊት ፈልጋ ትልከኛለች። ያን ጊዜ «ወንፊቱን አውሺኝ ብላለች በላት» ነው። ቃሉ ተቀየረ። አንድም ቀን አሳስታው አታውቅም። ወንፊቱ ራሱ ይመለሳል። ጤፉ ግን ይበላል፤ የሚመለሰው ሌላ ጤፍ ነው። ራሱ የሚመለሰው ውሰት ነው። በምትኩ የሚመለሰው ብድር ነው። ጥር ላይ አውድማው ሲነሳ እናቴ የጎረቤቷን ጤፍ ትመልሳለች። ስትመልስ ቁናውን አናቱን ቆልላ ነበር።

እንግሊዝኛ ይህን አይለይም። ወንፊቱም ቦሮው፣ ጤፉም ቦሮው፣ ብሩም ቦሮው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ብድርንና ትውስትን ለያይቶ ነው የሚያስቀምጠው። የሕጉ እንግሊዝኛ ትውስትን ለመግለጽ «ሎን» (ብድር) ብሎ «ፎር ዩዝ» (ለመገልገያ) የሚል መጨመር ግድ ሆኖበታል። ለእናቴ አንድ ቃል ይበቃት ነበር።

ዛሬ ከተማ ውስጥ «100 ብር አውሰኝ» የሚል ወጣት እሰማለሁ። ያሳዝነኛል። ያንኑ የብር ኖት ሊመልስ ነው? ብር ብድር ነው። እንግሊዝኛ ለመማር ብላችሁ ይህን ልዩነት እንዳትጥሉት አደራ።

ቦሮው ራሱም ወሰን አለው። የምትወስዱትና የምትመልሱት ነገር መሆን አለበት። ሰው ቤት ሄዳችሁ መጸዳጃ ቤት ብትፈልጉ «ካን አይ ቦሮው» አይባልም፤ ይዛችሁት አትሄዱማ። «ካን አይ ዩዝ» ነው። ኪራይ ከከፈላችሁበትም ቦሮው መሆኑ ይቀራል፣ «ሬንት» ይሆናል።

ገንዘብ ላይ ስትደርሱ በጣም ተጠንቀቁ። ሥራ ስትይዙ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የብድር ውል ይቀርብላችሁ ይሆናል። «ሌንደር» አበዳሪው ነው። «ቦሮወር» ተበዳሪው ነው። «ጋራንተር» ዋሱ ነው። ስማችሁ የሰፈረው በየትኛው ሥር እንደሆነ ሳታዩ አትፈርሙ። እኔን ያስቸገረኝ 40 መጽሐፍ ነው፤ እናንተን ቤት ሊያሳጣችሁ ይችላል። ያልገባችሁን ጠይቁ፣ ማፈር አያስፈልግም።

ዋስ ካልን አይቀር፣ በጣም የምወደውን ነገር ላጫውታችሁ። ቦሮው የመጣው «ቦርግ» ከሚል የጥንት እንግሊዝኛ ቃል ነው። ቦርግ ማለት መያዣ፣ ዋስ ማለት ነው። አሁን በአማርኛ «ተዋሰ» በሉና ውስጡን ስሙት። ዋስ አለበት። እነዚያ ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎችና የእኛ አባቶች ተገናኝተው አልተመካከሩም። ግን ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ሁለቱም መጀመሪያ ያሰቡት ስለ መተማመኛው ነው። ይህን መጀመሪያ መዝገበ ቃላት ላይ ሳነብ ጊዜው መሽቶ ነበር፤ ባለቤቴን ቀስቅሼ ነገርኳት። ያቺ መጽሐፉን ጤፍ ውስጥ የቀበረች እናት ትዝ አለችኝ። ለዚያ መጽሐፍ ዋሱ እሷ ነበረች።

ሌንድ ደግሞ የሎን ዘመድ ነው። መጨረሻው ላይ ያለው «ድ» በጥንቱ ቃል አልነበረም፤ ኋላ የመጣ ነው። ለፈተና አያስፈልጋችሁም።

ሌንድ ከዕቃ አልፎም ይሄዳል። እንግሊዞች የሚያግዛቸው ሲፈልጉ «ሌንድ ሚ አ ሃንድ» ይላሉ፣ እጅህን አውሰኝ እንደ ማለት። የሚሰማቸው ሲፈልጉ ጆሮ ይዋሳሉ። እኛ ጆሮ አናውስም፤ ጆሮ እንሰጣለን። ሥራም ሲሆን ጎጃም ውስጥ ወንፈል አለ። ዛሬ እኔ ላንተ አርሜ ነገ አንተ ለእኔ ታርማለህ። ይህ እውነተኛ የጉልበት ብድር ነው፤ በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል የሚነገር ግን አይደለም። እንዲህ ያለውን ስትጽፉ በግድ ሌንድ ውስጥ አትክተቱት። ሁለት ዓረፍተ ነገር ወስዳችሁ አስረዱ።

እንግዲህ የምመክራችሁ አጠናን ይህ ነው። ግስ ለብቻው አትያዙ። ሰዎቹን ከነቦታቸው ያዙ። ማታ ደብተራችሁን አውጡና በቤታችሁ የሆነውን ጻፉ። እናታችሁ ሞሰብ አውሳለች? ወንድማችሁ ጫማ ተውሷል? አባታችሁ ለማዳበሪያ ገንዘብ ተበድሯል? መጀመሪያ በአማርኛ ጻፉት። «ከ» እና «ለ» ሥር አስምሩ። ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ጻፉት፣ አንዴ ከሰጪው በኩል፣ አንዴ ከተቀባዩ በኩል። አንዱ ነገር ሁለት ዓረፍተ ነገር ይሆንላችኋል። 10 ነገር ብትጽፉ 20 ዓረፍተ ነገር አገኛችሁ። የፈጠራ ዓረፍተ ነገር ሳይሆን የቤታችሁን አድርጉት፤ የቤት ነገር አይረሳም።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ይዛችሁልኝ ኑ። ከሰዓት በኋላ ከ9 ሰዓት ጀምሮ በረንዳዬ ላይ አለሁ። እስክሪብቶም አለኝ፣ አውሳችኋለሁ።